የ«ጠ» ነገር

መጋረጃ ስላችሁ ከፋይ አይምሰላችሁ፤
ከፋይ ቢኖረን ኖሮ፣ ከፋይ በሰቀልን።
ትርንጎ ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል
«ለሐሙስ እመልሳለሁ» ብላ የተዋሰችው
አራት አንሶላ ነው፣ የክፍል ቁጥር ያለበት ጥግ ጥጉ ላይ።
ከኋላው እኔ አለሁ፣ በተገለበጠ የወተት ሣጥን ላይ፣
በስልኬ መብራት፣
ቃል አስታዋሽ።

ቅርያት ጋት ነው። ሰኔ ነው። የማትናሱ ማቀዝቀዣ ተበላሽቷል።
ተውኔቱ «ንጉሡ ሲመጣ» ይባላል፤ ስለ ትወና የሚያስቅ፤
ተዋንያን ነን ባዮች፣ መተወን የማይችሉ፣
ንጉሥ ፊት ሊጫወቱ ንጉሥ ሲጠብቁ።
ደራሲው አስረስ፣ ጠዋት ጠዋት ተማሪ መንገድ ያሻግራል፤
«ክፉ ተዋናይን ጥሩ አድርጎ መጫወት፣» ይላል፣ «ከባዱ እሱ ነው።»
እኛን አልከበደንም።

ማክሰኞ አዳራሹን የጁዶ ልጆች ወሰዱት፤
መጠለያው ውስጥ ተለማመድን፣ ከአሮጌ ብስክሌት መሐል።
ሚኒስትራችን ለሚሉዊም ተጠራ፤ ሥልጣኑን ለወንበር ሰጠነው፤
ወንበሩ ቢያንስ ቃሉን አይረሳም።
ማተሚያ ቤቱ ደግሞ ፊደላችንን ከቀኝ ጀምሮ ለቅሞ
«ጣመሲ ሡጉን» ብሎ በየግድግዳው ለጠፈልን።
«ጣመሲ የማን ልጅ ነው?» እያሉ ነው
ሽማግሌዎቹ ትኬት የገዙት።

ከሁሉ ግን ኦሽሪ።
እዚሁ ተወልዶ፣ አማርኛን በጆሮው እንጂ በዓይኑ የማያውቀው፣
ድርሻውን በዕብራይስጥ ፊደል ጽፎ አውቶቡስ ላይ ያጠና፤
አንድ ቃል አላጎደለም።
ምላሱ ላይ ብቻ «ጠ» አትፈነዳም።
«ንጉሡ መጣ!» የሚለው ቦታ «ንጉሡ መታ!» አለ።
«ማንን?» አለች ትርንጎ፣ ከጽሑፉ ወጥታ።
«ንጉሡ ጠፋ!» የሚለው ቦታ «ንጉሡ ተፋ!»
አስረስ የገዛ ኮፍያውን ረገጠ።
«ጠ! የጠርሙስ ክዳን ሲፈናጠር፣ ልጄ፣ ጠ!»
«ተ» አለ ኦሽሪ፣ በትሕትና።

የመጀመሪያው ማታ፣ ሰው ሞልቶ፣
ንጉሣችን ጀንበሩ፣ የአሽቀሎን መስመር ሹፌር፣
መስቀለኛው ላይ መኪና ተጋጭቶ መንገድ ተዘጋበት።
ጀንበር ጠለቀች፤ ጀንበሩ አልወጣም።
ትርንጎ ልትደውል ወጣች፤ ኦሽሪ መድረኩ ላይ ቀረ
ከሚኒስትሩ ወንበር ጋር።
«ንጉሡ መታ!» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።
«ማንን?» ብሎ ጮኸ አንዱ ከኋላ።
«እኔን!»
ጽሑፉ አለቀ። ደገመው፤ ሠለሰው።
«አቤት ይህ ልጅ!» አሉ አንድ አዛውንት እንባቸውን እየጠረጉ፣
«ስሕተቱን ሁሉ እንዴት አድርጎ ሸምድዶታል!»

አርባ ደቂቃ።
ከዚያ ፊቱን ወደ አንሶላው መለሰ፣ ወደ እኔ።
ላብ አገጩ ላይ። ከንፈሩ ባዶ።
የእኔም ገጽ ባዶ፤ ከመጨረሻው መስመር በታች ነጭ ብቻ።
ለሌላው ቃል ሳቀብል የኖርኩ ሰው
ያን ጊዜ አንዲት የራሴ ቃል አጣሁ።

የኋላው በር ተከፈተ።
ዘውድ የለ፣ ካባ የለ፤ የሹፌር ሸሚዝ፣
ወገቡ ላይ የቁልፍ ጋጋታ፣ እያለከለከ።
ኦሽሪ አልጮኸም። መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ
ሌሎቹ ሁሉ ተወስደው እሱ ብቻ የቀረ ልጅ
አባቱን ሲያይ እንደሚለው፣ በቀስታ፣
«መጣ» አለ።
ፈነዳች።

ማንም አልሳቀም። አንድ ሰው አሳለ።
ከፊተኛው ረድፍ አንዲት ሕፃን ለእናቷ
«አሁን ተሳሳተ» አለቻት።

አንሶላዎቹ ሐሙስ ሳይሆን እሑድ ተመለሱ።
ኦሽሪን በማግስቱ «እስቲ በላት» አልኩት፤
«መታ» አለና ሳቀ።
እኔም «ማንን?» አላልኩትም።