የሉባንጃ አመዳይ

ጦሳ ጉሙን ደፍቶ ደሴን ሲሰውራት፣
ክፍላችን ብርድ ነው፤ መስኮቱም ላስቲክ ናት።
መደርደሪያው ባዶ፤ ከዚያ ዓመት ወዲህ
ጠርሙስ አልተረፈም፣ ሚዛን የለም እዚህ፤
የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ብቻውን
ተሰቅሎ ይቆጥራል የሌለ ሀብታችንን።

መምህር አበጋዝ ገቡ ካፖርታቸው ርሶ፤
ብብታቸው ሥር ድስት፣ አንድ ጆሮው ፈርሶ።
ከሰኞ ገበያ ሉባንጃ ገዝተዋል፣
ጉርሻ ለማታህል ግማሽ ሰዓት ተከራክረዋል።
ከድር ከኋላ ሆኖ አፉን በእጁ ከልሎ
«የኬሚስትሪ ወዳጃ!» አለን፣ ሳቁን አዝሎ።
ሰሙት።
«ልክ ነህ፣ ከድር፤ ይህም ልመና ነው፤
ብቻ እኛ ጭሱን ይዘን ነው የምናየው።»

ከሰሉ ፍም ሆነ፤ ድስቱ ላዩ ተጣደ፤
ሉባንጃው ላበ፣ ለዘበ፣ እንደ ሬንጅ ሆኖ ሄደ።
ከላዩ ወረቀት፣ በመርፌ የተበሳ፤
ከሱ በላይ ሾጣጣ፣
የእኔው የአምና ፈተና፣ ከሃያ ሰባት፣ አልረሳ።

«እሳቱን አታብዙ፤ ውሃ ከሚፈላበት
እምብዛም አይርቅም መቅለጫው፤ መቶ ሃያ ሁለት።
ደግሞም አንዳንዱ ትዕግሥት የለው፤ ፈሳሽ መሆን ንቆ
ከጠጣር ወደ ትነት ይሻገራል፣ ድልድዩን ለቆ።»

ክፍሉ ሳል በሳል ሆነ። በላስቲኩ ቀዳዳ
ጉሙ እጁን ዘረጋ፣ እንደ ረዳት፣ እንደ እንግዳ።
«ተይው!» አሉኝ ጋሼ፣ ቀዳዳውን ልደፍን ስነሳ፤
«ማቀዝቀዣችን እሱ ነው፤ ኪራዩን የከፈለ ጦሳ።»

ሾጣጣውን ሲያነሱት ክፍሉ ሁሉ ቃል አጣ፤
ቀይዋን ሰባቴን አመዳይ ውጧት ወጣ።
መርፌ፣ ነጭ መርፌ፣ ከፀጉር የቀጠነ፤
ከዚያ ጥቁር ሬንጅ ሆድ ምን ተብሎ ተዘገነ?

ብርድ ውሃ ውስጥ ጣልነው፤ ኮርቶ ላዩ ቀረ፤
ስናፈላው ሟሟ፣ ከዓይናችን ተሰወረ።
ውሃው ሲበርድ ጊዜ፣ ኩርፊያው እንዳለፈ ዘመድ
በመርፌው መጣ ተመልሶ። ጨመርንበት የምድጃ አመድ፤
የአመዱ ውሃ ጨው አርጎ አሟሟው፤ ሎሚ ስንጨምቅበት
ነጩ እንደገና ዘነበ። ጋሼ እንደ ልጅ ሳቁበት።

ባለ ስድስት ማዕዘን ቀለበት በጠመኔ ሳሉ፣
አንድ ካርቦክሲል አንጠልጥለው «ቤንዞይክ አሲድ» አሉ።
«ሉባን ጃዊ አለው ዐረቡ፤ ፈረንጅ ሲሰማ አጎደለ፤
‹ሉ›ን ጥሎ፣ ቀሪውን አጣሞ፣ ‹ቤንዞይን› አለ።
መጽሐፉ ግን ሌላ ይላል፤ ቶሉይን፣ ፐርማንጋኔት፣
ሐምራዊው ቡናማ እስኪሆን ሰዓታት ማፍላት፣
አጥልሎ አሲድ ማንጠብጠብ። እሱን ጻፉት፤ ይመጣል።»
ጻፍነው። መጣም። አገኘሁት።
ከድስቱ የተማርኩትን ግን ማን ጠይቆኝ ያውቃል?

ዛሬ ኮምቦልቻ፣ መድኃኒት ቤት ጓዳ ሆኜ፣
ስድስት እጅ ቤንዞይክ፣ ሦስት እጅ ሳሊሲሊክ መዝኜ
ቫዝሊን ላይ አሻለሁ፤ ለቋቁቻ፣ ለጭርት።
ዱቄቱ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል፣ ታሽጎ፣ ያለ ሽታ፣ ያለ እሳት።
ውጭ ፀሐይ ነው፤ የቦርከና ሙቀት ጣሪያውን ይጋግረዋል፤
እኔን ግን፣ ክዳኑን ስከፍት፣ ያ የጦሳ ብርድ ይነካኛል።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ መጡ፤ ጡረታ ከወጡ ዓመት፤
አላወቁኝም። ክንዳቸው ላይ ጭርት፣ ክብ እንደ ቀለበት።
(ማዕዘኑን ልቆጥር ዳዳኝ።)
ብልቃጧን ከፍተው አሸተቱ፤ «ሉባንጃው የታለ?» አሉ፣
ለራሳቸው እንደሚያወሩ፣ ሳንቲም እየፈለጉ ሳሉ።

«ሾጣጣ አጥቼ ነው» አልኩ፤ «ጭሱ ሁሉ አመለጠኝ።»
መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ ደግመው አዩኝ፤
ከዚያ፣ ቀስ ብለው፣
«ከሃያ?»

«ሰባት።»