ሃምሳ ለአንድ

ከኑርሰቦ ሱቅ በር፣ መለዋወጫ ካለበት፣
የለመድኩት ቀይ ዘይት፣ ያለ ወትሮው አለቀበት።
ከላይ፣ ከመደርደሪያው፣ አንድ ጠርሙስ አወረደ፤
አቧራውን እፍ ብሎ፣ ወሬውን ቀደደ፦
«ይህ ከምድር ሆድ አይደለም፤ ከእርሻ ነው የበቀለ፣
ከጉሎ፣ ከጎመን ዘር፣ ተጨምቆ የተጠለለ።
ጭሱ አንገት አያንቅም፤ ሳልህን ያስታግሳል፤
ዋጋው ግን…» ዝም አለና፣ «ትንሽ ኪስ ይዳስሳል።»

እጥፍ ነበር። ከፈልኩ።
ከሚስቴ ደበቅኩ።

ይህ ሞተር ሁለት ምት ነው፤ እንደ ልብ፤ ይስባል፣ ይተፋል፤
ዘይቱን ለብቻው አያውቅም፣ ከቤንዚኑ ጋር ያነደዋል፣
የጠጣውን ሁሉ መልሶ ለእኔ አፍንጫ ያካፍላል።
ለአምስት ሊትር ቤንዚን፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ፤
ሃምሳ ለአንድ ነው ልኩ፤ ካነሰ ፒስተኑ ያልቃል ተፋፍቆ።
ይህን ያስተማረኝ ላንቃሞ ነው፣ ነፍሱን ይማርና፣
ሃያ ዓመት ሰማያዊ ጭስ ውጦ፣ ሃምሳ ሳይሞላው ገና
በሳል ተሰነጠቀ፤
እንደ ደረቀ ባሕር ዛፍ፣ ቋ ብሎ ወደቀ።

ከአሞራ ገደል ወዲህ፣ መንገዱ በሚሰፋበት፣
ቀይ መስቀል የተቀባ ሾላ አለ፣ ጉሬዛ ያደረበት።
በሐይቁ ዳር፣ ከድንጋይ ላይ፣ ስንበጠብጥ አጎንብሰን፣
ዓሣ አጥማጁ ማሴቦ መቅዘፊያውን ትቶ «እናንተ!» አለን፤
«ውሃዬ ላይ ቀስተ ደመና እንዳትደፉብኝ!
የኖኅ አይደለም ይሄኛው፤ ዓሣ ነው የሚፈጅብኝ!»
ጠርሙሱን ከፍ አድርጌ «የዘር ነው፣ አትፍራ» አልኩት፤
«ጀሪካኑስ?» አለኝ።
መልስ አጣሁለት።

ገመዱን ሳብኩ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስተኛው ላይ ተነሳ፤
የለመድኩት ጭስ ቀረ፤ ጉሮሮዬ ሳልን ረሳ።
ይልቅ ሌላ ሽታ መጣ፣ የመጥበሻ፣ የሳምቡሳ፤
ቁርስ አልበላም ነበርና፣ ሆዱ ጮኸ የባራሳ።
ሁለት ሕፃናት መጡ፣ ሳንቲም በእጃቸው ይዘው፣
«ስንት ነው?» ሊሉን ሲሉ፣ መጋዙን አይተው ቆሙ ደንግጠው።

ድሮ ዛፎች መጥረቢያን አይተው፣ እንዲህ አሉ ይባላል፦
«ብረቱስ ባዳ ነው፤ እጀታው ግን ከእኛ ወጥቷል።»
የኔ እጀታ ፕላስቲክ ነው፣ ወገን የለበትም ብዬ፣
ተኝቼ አድር ነበር፣ ጥጥ እንደጎሰጎስኩ በጆሮዬ።
አሁን ደሙ ከወገን መጣ፤ ከአበባ፣ ከፍሬ፤
ዘር ተጨምቆ ዛፍ ሊጥል፣ በሲሊንደሬ ይነዳል ዛሬ።

ጉሬዛዋ ልጇን አቅፋ፣ ከላይ ቁልቁል ታየኛለች፤
የሞተሩን ጩኸትማ፣ ከከተማው ጋር ለምዳለች፤
ጭሱ ነበር የሚያባርራት፤
ዛሬ ግን ቁጭ ብላ ቀረች።

መጋዙን አጠፋሁት።
«ምነው?» አለ ባራሳ። «ትውረድ» አልኩት።
ጠበቅን። ገልባጩ ጥሩምባ ነፋ፤ ፎርማኑ ሁለቴ ደወለ፤
የሾላው ጥላ ተንፏቆ፣ እግራችን ሥር ዋለ።
በመጨረሻ ወረደች። እኔም ቆረጥኩት፤ አልዋሽም፤
ልጆቼን የማጎርስበት ሌላ ሙያ አላውቅም።

ማታ ቤቴ ስገባ፣ ሚስቴ ሸሚዜን አሽታ፣
«ማን ቤት በላህ?» አለችኝ፣ ግንባሯን ቋጥራ፣ ተቆጥታ።
ሳቅኩ፤ ስስቅ አልሳልኩም፤ ለወትሮ ሳቄ ሳል ነበር፤
ጠርሙሱንም አኖርኩት፣ ከላንቃሞ ቆብ ጎን፣ ከበር።

አንድ እጁ ነው የጸዳው፤ ሃምሳው ያው ቤንዚን ነው፤
ነገ ደግሞ ስድስት ዛፍ፣ ቀይ መስቀል ያለው።
ብርጭቆዋን አጥቤ፣ መስኮት ላይ ደፋኋት፤
በጨለማም ቢሆን፣ ልኳን አልስታት።