እርማት

የሐሙስ ሌሊት ነው፤ ሚሲሲፒ ሞልቷል፤
ከምድር ቤታችን ጭቃ ውሃ ገብቷል፤
ቨርዲን ማክሌሞር ግን ጫማዋን ሰቃቅላ፣
ፊደል ትለቅማለች ቀሚሷን ጠቅልላ።

እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ጋዜጣ አዳይ፣
ፋኖስ ይዤ ቆሜ ከደረጃው ላይ።
«ከፍ አድርገው!» ትላለች፣ ዓይኗ ከእጇ ሳይነሣ፣
«ስም ነው የምደረድረው፤ አንዷም ፊደል እንዳትረሳ።»

ረቡዕ ማለዳ የነጮቹ ትልቁ ጋዜጣ
«አንድ ኔግሮ ሰጠመ» ብሎ ነበር። በቃ።
አብራው ወንዝ የገባችው በቅሎ ግን
ቀለሟ፣ ዕድሜዋ፣ የባለቤቷ ዝና፣
ስሟም ሳይቀር ታትሟል። ዴዚ ትባላለችና።

ቨርዲን ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።
የጥጥ መጋዘኑን፣ ጣቢያውን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ዞረች፤
ሲመሽ አንዲት ሴት አገኘች
ከገንዳ ላይ አጎንብሳ የሰው ልብስ ስታጥብ።
«ባሌ ነው» አለቻት፣ እጇን ከአረፋው ሳታወጣ፣
«ኤልሪጅ ቱምስ ይባላል። እስከ ዛሬ ማን ሊጠይቀኝ መጣ?»

አርብ በጀርባው ገጽ፣ ከጸጉር ቅባቱ ማስታወቂያ በታች፣
«እርማት» የምትል ርእስ ወጣች፦
«ማክሰኞ የሰጠመው ሰው አቶ ኤልሪጅ ቱምስ ነው።
የወይዘሮ ኮርዲሊያ ቱምስ ባል፣ የአርባ አንድ ዓመት ሰው።
ዋና ያውቅ ነበር። የገባው በቅሎዋን ሊያወጣ ነው።
በቅሎዋ ተርፋለች።»

በዚያች ከተማ «ወይዘሮ»
በነጭ ልክ ብቻ የተሰፋ ቀሚስ ነበር፤
እናቶቻችንን የሱቅ ልጅ እንኳ «አንቺ» ብሎ ነበር የሚጠራ፣
ሽበታቸውን ሳያፍር፣ ሳይፈራ።
ቨርዲን ያቺን ቃል እንደ ወንበር ጎትታ አምጥታ
«እርስዎ ይቀመጡ» ትል ነበር፣ ለሟች፣ ለአጣቢ፣ ለተርታ።
ሌላው እርሙን ያወጣል በሙሾ፣ በለቅሶ፤
እኛ በእርማት አወጣን፣ ስማችን ወደ ቤቱ ተመልሶ።

ማስታወቂያ ሰጪው ሁሉ ሸሸ።
የቀረን የሬሳ ሣጥን ሠሪው ሚስተር ፊኒስ ብቻ፤
«ደንበኞቼ የሚፈሩት የላቸውም» ይል ነበር፣ ሒሳቡን ሲከፍል።

ዓመታት አለፉ፤ ሕጉም ተሻሻለ፤
የመንግሥቱ በር ተከፈተ፣ እያቃሰተ፣ ቀስ እያለ።
የልደትና የሞት መዝገብ ቤት ኃላፊ አድርገው ሾሟት፣
ከእኛ ወገን የመጀመሪያዋን ሴት።
«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል ተረቱ፤
እሷ ሹማ የበላችው አቧራ ነው፤ ያስላታል እስከ ሌሊቱ።
በየመሳቢያው የተኛውን «ስሙ ያልታወቀ» እየቀሰቀሰች፣
አሮጊቶችን በደብዳቤ እየጠየቀች፣
በቀይ እርሳስ ዳር ዳሩን እየጻፈች፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀመጠች።

ሁሉን አላገኘችም።
ጡረታ የወጣች ዕለት የቀሩትን ነገረችኝ፦
ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ስድስት።
ከዚያ ኮቷን ለበሰች።

ደግ ነበረች ብዬ አልዋሽም።
ቁጡ ነበረች፤ ሥራ ላይ የሚስቅ ሰው አትወድም፤
ያን ሁሉ ሰው በስሙ ስትጠራ
እኔን አንድ ቀን በስሜ ጠርታኝ አታውቅም።
«ፋኖስ» ነበርኩ፤ አግብቼም፣ ወልጄም፣ ራሴ ተመልጦም፣ «ፋኖስ»።
አንድ ጊዜ ልከፋ ሞከርኩ።
«ሌላውን ስም ማንም ይጠራዋል» አለች።

ባለፈው ኅዳር አረፈች።
ያ ትልቅ ጋዜጣ፣ ያው ራሱ፣
ፎቶዋን በፊት ገጹ አወጣ።
«ፋና ወጊ» አላት። ደግ።
(ፋናውን ማን ይዞላት እንደነበር አላነሣም፤ ይሁን።)
ከሥሩ ግን በደማቅ ቀለም
«ቨርዲን ማክሌሞን» ይላል።
«ወይዘሪት» የለ። የመጨረሻዋ ፊደል የለች።

መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩ።
ከዚያ ስልኩን አነሣሁ።
«ማን ልበል?» አለች አንዲት ልጅ፣ ድምፅዋ ገና ለጋ።
«ፋኖስ ያዡ ነኝ» አልኳት።
«እርማት አለኝ፣ ልጄ። ብዕር ያዢ።»