ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ዝምታ

ከሌሊቱ ስምንት፤ ተንደር ቤይ ተኝታ፣
ሐይቁ ከበረዶው ሥር ሲያጓራ በዝግታ፣
ምድር ቤት ወርጄ፣ ከማሞቂያው አጠገብ፣
ቀዩን ሣጥን ከፍቼ ቆሜያለሁ ሳነብ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህ ቤት የነበረው
አንድ ደወል ነበር፣ ሳይጠሩት አቤት የሚለው።
ሳውናው እንፋሎቱን አንዴ ሲተነፍስ፣
የአይኖ ዓሣ ሲያር፣ ሰው ዳቦ ሲጠብስ፣
ይጮኻል፣ ይጮኻል…
አዛውንቱ ሁሉ ጩኸቱን ለምዶታል፤
ትራስ ይደርብና
ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ይተኛል።

እኔን የቀጠሩኝ ይህን እንድገራ፣
እሳቱን ከዓሣው ለይቶ እንዲጣራ።

እጽፋለሁ በጣቴ፦
ግማሽ ሰከንድ ጩኽ፣ ግማሽ ሰከንድ ተው።
ደግመህ ጩኽ፣ ደግመህ ተው።
ሦስተኛውን ጩኽና ከዚያ ዝም በል፤
ሁለት ሰከንድ ሙሉ ትንፋሽህን ዋጥ አድርግ።
ከዚያ እንደገና ጀምር።

“ዝምታው ለምንድን ነው?” ኦስሞ ይጠይቃል፣
የሌሊት ዘበኛው፣ በሩን ተደግፏል።
“ያልተቋረጠማ ጩኸት ግድግዳ ነው፤
ሰው የሰውን ድምፅ በምን ሊሰማው ነው?
በዚያች ክፍተት ነው ‘እዚህ ነኝ’ የሚባል፣
በጭስ ውስጥ ሰው ሰውን በስሙ ያገኛል።”
ራሱን ነቀነቀ። ያመነኝ አይመስልም።

ቀጥሎ ብልጭታው።
ለሦስተኛው ፎቅ፣ ለሦስት መቶ ሰባት፣
ለቪዬኖ ሳሬላ፣ በልጅነት ትኩሳት ጆሮዋ ለጠፋባት፣
ብርቱውን መርጬ፣ ካልጋዋ በላይ ሰቅዬ፣
የጨፈነ ዐይን ሰብሮ እንዲገባ ብዬ፣
የሰማህ፣ ላልሰማ አሰማ!
እንደሚባለው አዋጅ፣ ድምፁን ከብርሃን አሰርኩት።

ብልጭታ ግን ሕግ አለው፤
በሰከንድ አንዴ ነው፣
ሁሉም ባንድ ቅጽበት፣ እንዳንድ ሰው ጥቅሻ።
ዋይላን የሚባል ልጅ አለ፣ የሌሊት አስታማሚው፣
የተዛነፈ ብርሃን መሬት የሚጥለው።
ባለፈው መከር፣ በእሳት ልምምድ ቀን፣
አረፋ ደፍቆ ነው ከደረጃው ሥር ያገኘን።

ሞከርኩ።
ፓነሉ “ደህና” አለ። አረንጓዴ በራ።
ዕቃዬን ሰብስቤ ሣጥኑን ልዘጋ ስል
የምድር ቤቱ በር ሳይንኳኳ ተከፈተ።

ቪዬኖ።
ከሌሊት ልብሷ ላይ የሟች ባሏን ካፖርት ደርባ፣
በግራ እጇ ደብተር፣ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ።
ስለ ቀሰቀስኳት ይቅርታ ልል ስጀምር
መዳፏን ዘርግታ አስቆመችኝና ጻፈች፦
“የምሥራቁ ክንፍ ዘግይቶ ይጠቅሳል።”

“አይሆንም” አልኩ በእጄ፣ ፓነሉን እያሳየሁ፤
ለአረንጓዴው መብራት ጥብቅና እንደቆምኩ ሆኜ።
ክንዴን ይዛ ወጣች። ሦስት ፎቅ ደረጃ።
መስኮቷ ጋ አቁማኝ ገለጠች መጋረጃ።
በስልክ “ተጫነው” አልኩት ኦስሞን።

ይህኛው፤ ያኛው።
ይህኛው፤ ያኛው።
ከግቢው ማዶ፣ በበረዶው ላይ፣ እንደ አንካሳ ርምጃ፤
ቅንድብ የማይሞላ፣
በምድር ቤት ሰው ፈጽሞ የማይታይ።
ሰባ ዓመት ሙሉ ከሰው ከንፈር ላይ
ቃል ስትለቅም የኖረች ሴት
እንዲህ ያለ ክፍተት ያመልጣታል?

ወረድኩ።
የምሥራቁ መስመር ለብቻው ይቆጥር ኖሯል፣
ከቤተሰብ ርቆ እንደሚበላ ልጅ።
አንዲት ቃል ጨመርኩ፦ አብረህ ቁጠር።
እንደገና ተጫንኩት።

ኦስሞ በደወለልኝ ጊዜ ሳቁ ይሰማኛል፤
“እሷ ነች” አለኝ፣ “መስኮቷ ላይ ቆማለች፤
ቀኝ መዳፏን ግድግዳው ላይ ለጥፋ
በግራዋ ትቆጥራለች፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤
ከዚያ ጣቶቿን ሁሉ ታጥፋለች።
ሁለት ሰከንድ ሙሉ፣ ሳታዛንፍ።”

መዝገቡን ሞላሁ። ቀን፣ ሰዓት፣ የፊውዝ ቁጥር፣
የባትሪ ኃይል።
“ስሕተቱን ያገኘው” በሚለው ሥር
ቪዬኖ ሳሬላ ብዬ ጻፍኩ።
“ሙያ” ለሚለው ግን
ቃል ፈልጌ አጣሁ፤
ሁለት ሰከንድ የምታህል ባዶ ቦታ ተውኩ።