ግራ ሲገባ

ናሙር ላይ ዘነበ፤ ሦስተኛ ፎቅ ነኝ፣
ኮምፒውተሩ ቆጥሮ ቁጥር ሊሰጠኝ
አሥራ አንድ ቀን ሆነው፤ ምድር ቤት ተኝቶ
ያጉረመርማል እንጂ አይናገር ከቶ።

የሣልኳት ሞለኪውል ቀጭን ናት፣ ረዥም ናት፤
ባንድ ጫፏ ሰጪ፣ ባንዱ ተቀባይ አላት።
መሐሏ ድልድይ ነው፣ ነጠላና ድርብ፣
ኤሌክትሮን ይሮጣል ብርሃን ሲቀርብ።
ሲሄድ ቁልቁለት ነው፣ እንደ ወፍ ይበራል፤
ሲመለስ አቀበት፣ እግሩ ይዳክራል።
እኩል ካልሆነ ነው መሄድና መምጣት
አዲስ ቀለም ከውስጥ የሚፈልግ መውጣት፤
ሁለት የብርሃን ቅንጣት፣ ዓይን የማያያቸው፣
አንድ አረንጓዴ ሆኖ መውጣት ነው ዕጣቸው።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ቁጥሩ መጣ። ትልቅ።
ነጥቡን ተጠራጠርኩ፤ ደግሜ ስጠይቅ
ያው ነው። ለጊስሌን ሥዕሏን ላክሁለት፣
«ሠርተህ በብልቃጥህ ክሪስታል አብቅላት።»

ጊስሌን ዝምተኛ ነው፣ ብዙ የማይናገር፣
ጓንቱ ቢጫ ሆኗል ከአሴቶን ጋር ሲኖር።
ክዳኑን በመርፌ ሦስት ቦታ ወግቶ
ሦስት ሳምንት ጠበቀ፣ በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ፤
(በር ሲላተም ብልቃጥ ይደነግጣል ይላል።)
ብርቱካናማ መርፌ፣ ምን ዓይነት ቁንጅና!
ኦዲል ሌዘር ለኮሰች፣ መብራት አጠፋችና።
መነጽር አስተካከልን፣ አንገት አስረዘምን፤
ጨለማ።
ጊስሌን ጉሮሮውን ጠረገ። ዝም አልን።

ኋላ በኤክስሬይ ነው ገበናዋ የወጣው፤
ጥንድ ጥንድ ሆነዋል፣ አንዱ ከሌላው
እግርና ራስ፣ ባንድ አልጋ እንዳሉ ልጆች፣
ይህች ወዲህ ስትገፋ ያቺ ወዲያ እየሳበች።
ድምሩ ዜሮ።
እኔ ለብቻዋ ነበር ያሰላኋት፣
ባዶ ሜዳ ላይ፣ ጎረቤት በሌለበት።
ጎረቤት ሲመጣ ምን እንደምትሆን
አልጠየቅኋትም። ሌላው ይቆየን።

ኦዲል እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ
«ቀኝ ጓንት» አለችኝ፣ ጥቂት አመንትታ፣
«ግራ እጅሽ ላይ ብታጠልቂው አይሆንም።
እሷንም ግራ አድርጊያት፤ ግልባጭ ካጣች አትሻርም።»

ስሰማት ሳቅሁኝ፣ በቋንቋዬ አስቤ፤
ግራ ከገባውማ ሰነባብቷል ልቤ።
ጎኗ ላይ አንድ ካርቦን ጫንኩ፣
አራት የማይመሳሰል ጎረቤት ይዞ፣
ግራ ግራውን እንዲያይ ተጠምዝዞ።
ቁጥሩ ግን ቀነሰ፣ ከፊተኛው በሲሶ፤
ላክሁት እንዲያም ሆኖ፣ ልቤ ግማሽ ፈርሶ።

መጋቢት ነው። ሻካራ፣ ቢጫ፣ ውበት የሌላት ፍንካች።
ኦዲል መብራት አጠፋች።
ወረቀቱ ላይ፣ ከሰናፍጭ ቅንጣት ያነሰች
አረንጓዴ ነጥብ ወጣች።
ማንም አልጮኸም። ጊስሌን ወንበር ሳበ፣
«ክዳኑን አራት ቦታ ነው የወጋሁት» አለ፤ ይህንኑ አሰበ።

ማታ ወንዝ ወረድኩ፤ ሳምብር ከሜዝ ሲገናኝ አየሁ።
ሁለት ውሃ ገብቶ አንድ ይወጣል፣ ቀለሙ ግን ያው፤
አንዱ ስሙን አጥቶ በሌላው ይጠራል።
ብርሃን ሲዋሃድ ግን የሁለቱም ይሻራል።

ያቺን ብርቱካን መርፌ አልጣልኳትም። መስኮቴ ላይ ናት፣
በትንሽ ብልቃጥ፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚደርስባት።
አታበራም። እግርና ራስ ሆነው ተኝተዋል።
በሩን ቀስ ብዬ ነው የምዘጋው። ማን ያውቃል።