የጌሾ ዘመድ

ቅዳሜ፣ ሦስት ሰዓት። ዱሉት፣ ከዳገቱ፣
ከሐይቁ ንፋስ ጋር ስንሟገት በከንቱ፣
ስድስት ሆነን ቆምን ከድልድዩ አጠገብ፣
አካፋ ተደግፈን፣ ስም በስም ስንመዘገብ።
ማርሊስ በእርሳስ ነው ስማችንን የምትጽፍ፤
እስክሪብቶ አታምንም፣ ቀለሙ ይረጋል
ከአንድ ፊደል ሳያልፍ።

ሌሊት የጣለው ዝናብ የእግር መንገዱን
መስተዋት አድርጎት አድሯል።
ኤይኖ ጡረተኛው፣ የፖስታ ቤቱ ሰው፣
ሠላሳ ሁለት ዓመት ደብዳቤ ተሸክሞ
ይህን ሁሉ ዳገት በእግሩ የጨረሰው፣
ዛሬ በጉልበቱ ብረት አስገብቶ
አሸዋ ይበትናል፣ ከባልዲ በጣሳ ቀድቶ፤
ለዶሮ ጥሬ እንደሚረጭ፣ በስስት፣ በመላ፣
እንዳይወድቅ ብሎ
ከኋላ የሚመጣ ሌላ።

ለእኔ መጋዝ ደረሰኝ።
«ያንን ቁጥቋጦ» አለች ማርሊስ በጓንቷ ጠቁማ፣
«ከሥሩ ሣር አይበቅል፣ አበባ አይፈካ፣
ጫካውን ሸፈነው በጨለማ።
አጥር ይሆናል ተብሎ፣ አጥሩን ዘሎ ወጣ፤
አገሩን ወረሰው፣ ከባሕር ማዶ የመጣ...»
ቃሉ አፏ ላይ ቀረ።
አየችኝ። ብርድ ያቀላው ጉንጯ
ደግሞ መቅላት ጨመረ።
አምስት አካፋ ዝም አለ።
«ወረቀቴ ሙሉ ነው፣ እኔን አትቁረጡኝ» አልሁና
ኤይኖ እስኪያስለው ሳቀ፤
የጣሳው አሸዋ ጫማው ላይ ወደቀ።

በበረዶው ተንበርክኬ መግዘዝ ጀመርሁ።
ውስጡ ብርቱካንማ ነው። ቅርፊቱን ላጥ አድርጌ
በጥርሴ ነከስ አደረግሁ፤
(ሞኝነት ነው፤ ሆድ እንደሚያጥብ ኋላ ነው የሰማሁ።)
ምሬቱን ግን አወቅሁ።
ሰበታ ገበያ፣ አምስት ዓመት ሙሉ፣ ከአጎቴ መጋዘን፣
ጌሾ በኩንታል የሸጥሁ ነኝ፣ ቅጠል ከእንጨት ስመዝን።
ይኸው የአክስቱ ልጅ፣ እዚህ እንደ ሽፍታ ሲታደን።

ፓኩ፣ ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ፣ ትከተለኛለች፤
በየጉቶው አናት ሰማያዊ መድኃኒት
በብሩሽ ትቀባለች፣
ጥፍር እንደሚቀባ፣ ጠርዙን ሳታልፍ፣ ተጠንቅቃ፤
አንዳንዱን «ይቅርታ» ትለዋለች፣
ማንም ያልሰማት መስሏት፣ ተሳቅቃ።

የሾርባው ፔርሙዝ ተከፈተ፤
ክዳኑ ኩባያ ሆነ፣ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤
የማን ከንፈር ቀደመ የሚል አልነበረ።
ያን ጊዜ ነገርኋቸው፦ ይህ ምሬት ዘመድ አለው፣
በጓሮ ተተክሎ፣ ፍግ እየለበሰ፣
ጠላን ጠላ የሚያደርገው።
ማርሊስ ይህንንም በእርሳሷ ጻፈች።
«ታዲያ አይቆረጥ ልትል ነው?» አለች።
«ይቆረጥ» አልሁ፤
በግማሽ ልቤ መጋዙን አነሳሁ።

ደቦ ቢሆን ባለ እርሻው ያበላል፣
በነጋው ያንተን ያጭዳል፤
እዚህ ማን ነው ባለ እርሻው?
ውለታው ማን ደጅ ይወርዳል?
ይህን ሳስብ ጣቶቼ ደነዘዙ፣
ሐሳቡም አብሮ።

ወደ ስድስት ሰዓት ላይ አንዲት ሴት መጣች፣
ሕፃን በደረቷ አቅፋ፣ ጆሮዋን በሙዚቃ ደፍና።
ሰላም አላለችንም። ያየችንም አይመስለኝም።
ከመስተዋቱ ስትደርስ እግሯ አሸዋውን ረገጠ፤
ያዘላት። አለፈች።
ኤይኖ ፊቷን አላየም፤
ጣሳውን እንደያዘ ተረከዟን ነበር የሚያይ፣
ድልድዩን ተሻግራ እስክትሰወር፣
አንድ በአንድ፣ እንደ ደብዳቤ፣
«ደረሰ» ይል ነበር፣
በየእርምጃዋ ላይ።