አንሺና ነሺ

በፑሳን ወደብ ዳር፣ ከድልድዩ ማዶ፣
የመርከቦች ዝገት በመዶሻ ወርዶ
አዲስ ቀለም ለብሶ ከሚወጣበቱ፣
እዚያ ነው ሱቄ፤ የዓሣ ገበያ ነው ፊቱ።
አንድ ወንበር፣ ሁለት መብራት፣ ነጭ ግድግዳ፣
ከምስማር የሚውል ጥቁር ኮት፣ የውሰት፣ ለሥራ እንግዳ።

ሥራዬ ማንሳት ነው።
አንገትን ቀና፣ ትከሻን ዝቅ አርጌ፣
የራቀችን ፈገግታ በቀልድ ፈልጌ።
ማታ ደግሞ ማውስ ይዤ፣ ስክሪን ላይ አፍጥጬ፣
ሰፊውን መንጋጋ በጎን በኩል ቆርጬ፣
አፍንጫ አቃንቼ፣ ጠቃጠቆ ለቅሜ፣
የከሰለን ጉንጭ በብርሃን አለምልሜ፣
ሰውን በአራት ሳንቲሜትር አስገባዋለሁ፤
ባንክም ኢንሹራንስም እንዲወደው አርጌ እሸኘዋለሁ።

“ውሸት አይደለም ወይ?” ብለው ይጠይቁኛል።
እኔ ምን ላርግ? ቀጣሪው ከስም በፊት ፊት ያያል።
“ፎቶ ይቅር” የሚል ወሬ እሰማለሁ፤
ሰኞ በሬን ስከፍት ሰልፉን አያለሁ።

ታክ ዮንጆንግ መጣች፣ በዝናባማ ዕለት፣
የሒሳብ ሠራተኛ፤ በግራ ጉንጯ ላይ የእሳት ምልክት።
ገና በአራት ዓመቷ የሾርባ ድስት ገልብጣ፣
ጠባሳው እንደ ካርታ ወንዝ ከጆሮዋ ሥር እስከ አገጯ የመጣ።
“ምን ይደረግልሽ?” አላልኋትም። ልማድ ነው፤
የእጄን አመል እጄ ብቻ ነው የሚያውቀው።
አነሳኋት። ማታ ወንዙን አደረቅሁት፤
ጉንጯን እንደ ዕንቁላል አለሰለስሁት፤
ዋናውን ፋይል ደግሞ፣ ቦታ ያዘ ብዬ፣ አጠፋሁት።
ፊት የሰጠኋት መስሎኝ ነበር።

በሁለት ሳምንቷ ተመልሳ መጣች፤
ጃንጥላዋ እየተንጠባጠበ ቆማ አወራች፦
“ሦስት ሰዎች ነበሩ ከጠረጴዛው ወዲያ፤
አንዱ ወረቀት ያያል፣ አንዱ እኔን፣ አንዷ ከዚህ ወደዚያ።
ስለ ግብር አልጠየቁኝ፤ ‘ሒሳብ ዝጊ’ አላሉኝም፤
‘ይቺ ማን ናት?’ አሉ ፎቶውን አንስተው፤ መልስ አልነበረኝም።
አሥራ አንድ ዓመት መዝገብ ስይዝ፣ ለመርከብ ድርጅት፣
አንዲት ዎን አልጠፋችም ከኔ ወረቀት፤
ዛሬ ግን አጭበርባሪ ነኝ።
ጠባሳዬ ቢታይ ላይጠሩኝ ይችሉ ነበር፤ አውቃለሁ፤
ግን በገዛ ፊቴ በወደቅሁ!
አሁን በሰው ፊት ወደቅሁ።

ዋናውን ስጠኝ።”
ዋናው የለም። ጠፍቷል።
ዝም ተባባልን። ከወደቡ መዶሻው ይመታል።
ሃያ ዓመት ሙሉ አንሺ ነኝ ስል ኖሬ፣
ነሺ መሆኔን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው፣ ከበሬ
እስክትወጣ ቆሜ።
ገንዘቧን ልመልስ ብል፣ አልወሰደችም።

በጸደይ ለራሴ ረዳት ፈለግሁ፤
በሱቁ መስታወት ማስታወቂያ ለጠፍሁ።
ዘጠኝ ፖስታ መጣ።
ስም ሳላነብ፣ ልምድ ሳላይ፣
ጣቴ ሮጦ አረፈ ቀኝ ጥግ፣ ፎቶው ላይ።
ስድስቱን ለየኋቸው፤
ሰዎቹን አይደለም፣ እጄን ነው ያወቅሁት፤
ያ መንጋጋ፣ ያ ቅንድብ፣ ያ ማታ ማታ የቀባሁት
የጉንጭ ብርሃን፣
ስድስት ሰው፣ አንድ ፊት፣ ያውም የኔ ሥራ።
ከየትኛው እጄ ጋር የትኛውን እጄን ላወዳድር?
በየትኛው ልኩራ?

ፎቶዎቹን በሙሉ በደረታቸው ደፋኋቸው።
በብዕር የተሞሉትን መልሶች ብቻ አነበብኋቸው።
የአንዱ ጽሕፈት እንዴት ያምራል! ቀጥ ያለ፣ የጠራ፣
እንደ ተጣደ ጥርስ፣ መስመር የማይስት፣ የማይፈራ።
ወደድሁት። ግማሹ ሳይነበብ ለይቼ አስቀመጥሁት፤
ሻይ ላፈላ ተነሥቼ፣ ግማሽ መንገድ ላይ፣
ነገሩ ገባኝ፤ ደነገጥሁ፤ ማንቆርቆሪያውን ሳልሞላ ተውሁት።

ተመለስሁ።
ያን ወረቀት ከሌሎቹ ደባለቅሁ።
ከመጀመሪያው ፖስታ እንደገና ጀመርሁ፣ ቀስ ብዬ፣
የማይነበበውንም ጽሕፈት በጣቴ ተከትዬ።
ማዶ፣ መዶሻው
አሁንም ዝገት ይልጣል።